ሮበርት ጎዳርድ፤ ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት እስከ ሮዝዌል ሜዳ

በ1907 ዓ.ም. በአሜሪካን አገር በዎስተር ከተማ ከሚገኘው የፖሊቴክኒክ ተቋም፣ ከፊዚክስ ሕንፃው ምድር ቤት፣ ያልተጠበቀ ጢስ እየተትጎለጎለ ወጣ። ጢሱ የቃጠሎ አልነበረም። አንድ ተማሪ ባሩድ የጎረሰች አነስተኛ ሮኬት በሕንፃው ውስጥ ለኩሶ ኖሯል። የተቋሙ ኃላፊዎች ይህን ተማሪ ከትምህርት ገበታ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ነገር ግን አላሰናበቱትም፤ ይልቁንም ሥራውን በጥሞና ይከታተሉለት ጀመር። ተማሪው ሮበርት ሃቺንግስ ጎዳርድ ይባላል። ከ19 ዓመት በኋላ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ከምድር በማስነሣት በዓለም የመጀመሪያው ሰው የሆነው ይኸው ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎዳርድ ኦክቶበር 5 ቀን 1882 በዚያችው በዎስተር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቦስተን አካባቢ በመዛወሩ የልጅነት ጊዜውን ያሳለፈው በዚያ ነው። አባቱ ለአዲስ መሣሪያና ለፈጠራ ሥራ ፍቅር የነበረው ሰው በመሆኑ ለልጁ የሩቅ ማያ መነጽርና ማይክሮስኮፕ ገዝቶለት፣ የሳይንስ መጽሔትም በቋሚነት እንዲደርሰው አድርጎለት ነበር። ልጁ በአምስት ዓመቱ ገደማ የኤሌክትሪክን ነገር ሲሰማ፣ ከባትሪ ውስጥ ያወጣትን የዚንክ ቁራጭ ይዞ እግሩን በጠጠር ላይ ቢያሻሽ ከወትሮው ይልቅ ከፍ ብሎ ለመዝለል የሚችል መስሎት ይሞክር ጀመር። እናቱም ነገሩ ከተሳካለት ወደ ሰማይ ተስፈንጥሮ ለመመለስ ሳይችል እንዳይቀር ባስጠነቀቀችው ጊዜ ሙከራውን ተወ። በ16 ዓመቱ ደግሞ ከአልሙኒየም ፊኛ ሠርቶ በሃይድሮጅን ሊያስነሣው ለሳምንታት ደከመ፤ ፊኛው ግን ክብደቱ በዝቶ ከመሬት አልተነሣም። በዚያ ዕድሜ እንኳ አንድ ልማድ ይዞ ነበር፤ የተሳካለትንም ያልተሳካለትንም በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይመዘግብ ነበር።

በ1898 እናቱ የሳንባ ነቀርሳ ስለ ያዛት ቤተሰቡ ወደ ዎስተር ተመለሰ። ጎዳርድ ራሱ ጤና አልነበረውም፤ በሕመም ምክንያት ከእኩዮቹ ሁለት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጊዜውን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ በሚያነባቸው መጻሕፍት ያሳልፍ ነበር። የእንግሊዛዊው ደራሲ የዌልስ ልብ ወለድ፣ የማርስ ፍጡራን ምድርን ሲወርሩ የሚተርከው፣ በዚህ ወቅት በእጁ ገባ። ኦክቶበር 19 ቀን 1899 የደረቁ ቅርንጫፎችን ሊቆርጥ ከቤታቸው ጓሮ ካለው የቼሪ ዛፍ ላይ ወጣ። ከዛፉም ላይ ሆኖ ሜዳውን ቁልቁል ሲመለከት፣ ወደ ማርስ ለመውጣት የሚችል መሣሪያ ቢሠራ ምን ይመስል ይሆን የሚል ሐሳብ አደረበት። ከዛፉ ሲወርድ የሕይወቱን ዓላማ ይዞ እንደ ወረደ ያምን ነበር፤ ያችንም ቀን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በየዓመቱ አስቧታል። በ1938 በአካባቢው የደረሰው ማዕበል ዛፉን በጣለው ጊዜ ይህንንም በደብተሩ ላይ መዝግቦታል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1904 ሲፈጽም 21 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ወደ ፖሊቴክኒኩ ገባ። ተማሪ ሳለ ስለ ጠፈር ጉዞ ጽፎ ወደ አንድ የሳይንስ መጽሔት የላከው ጽሑፍ አልታተመለትም፤ በጋይሮስኮፕ አማካይነት አውሮፕላንን ስለ ማረጋጋት የጻፈው ግን በ1907 ወጥቶለታል። በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1908 ከፖሊቴክኒኩ፣ የዶክተርነት ማዕረጉን ደግሞ በ1911 በዚያው ከተማ ከሚገኘው ከክላርክ ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ለምርምር ወደ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ቢሄድም፣ በ1913 መጀመሪያ እናቱን የያዛት በሽታ እርሱንም ጣለው፤ ሐኪሞችም የቀረው ዕድሜ የሁለት ሳምንት ያህል እንደሆነ ገመቱ። ከአልጋ ሳይነሣ በትንሽ በትንሹ በቀን አንድ ሰዓት እየሠራ፣ የሐሳቡን መሠረት በሁለት የፈጠራ መብት ማመልከቻዎች አሰፈረ። ሁለቱም በጁላይ 1914 ጸደቁለት። አንደኛው በደረጃ በደረጃ የሚለኮስና ባዶውን ክፍል እየጣለ የሚሄድ ሮኬት፣ ሁለተኛው በፈሳሽ ነዳጅ ለመጠቀም የሚችል ሮኬት ነበር። ሊሞት ነው የተባለው ሰው የኋላው ዘመን ሮኬት ሁሉ የቆመባቸውን ሁለት ሐሳቦች ከአልጋው ላይ ሆኖ አስመዘገበ።

በ1914 መገባደጃ ወደ ክላርክ ተመልሶ በማስተማር ላይ ሳለ ያካሄዳቸው ሙከራዎች፣ ምንም እንኳ በታሪክ መጻሕፍት ከኋለኞቹ ያነሰ ስፍራ ቢሰጣቸውም፣ ለሙያችን ሰው ትልቁን ትምህርት የያዙት እነርሱ ናቸው። በዘመኑ የሚታወቀው ሮኬት ለርችትና በባሕር ላይ ለምልክት መስጫ የሚያገለግለው የባሩድ ሮኬት ብቻ ሲሆን፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ከባሩዱ ጉልበት ምን ያህሉ ወደ እንቅስቃሴ እንደሚለወጥ የለካው ሰው አልነበረም ለማለት ይቻላል። ጎዳርድ ሮኬቱን በመለኪያ ላይ አሥሮ ለካ። ውጤቱም እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ ከባሩዱ ኃይል ሥራ ላይ የሚውለው ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያም የጋዙን መውጫ ቀየረው። ጉሮሮው ጠብቦ ከዚያ እየሰፋ የሚሄደውን፣ የስዊድኑ መሐንዲስ ደ ላቫል ለእንፋሎት ተርባይን የፈጠረውን ቅርጽ ወስዶ፣ ብርቱ ጭስ አልባ ባሩድ በጠንካራ የብረት ክፍል ውስጥ በማቃጠል ሲሞክር፣ ውጤቱ ከመቶ ወደ ስድሳ እጅ ከፍ አለ። የጋዙም ፍጥነት በሰከንድ ከ2,000 ሜትር በላይ ሆነ።

የዚህ ቁጥር ትርጉም በቀላል ስሌት ይታያል። ሮኬት የሚደርስበት የመጨረሻ ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ ጋዙ በሚወጣበት ፍጥነትና፣ በመነሻው ክብደት ነዳጁ ባለቀ ጊዜ ከሚቀረው ክብደት ጋር ባለው ንጽጽር። ሮኬቱ ከራሱ ጋዝ ጋር እኩል ፍጥነት እንዲኖረው የመነሻው ክብደት ከቀሪው 2.7 እጥፍ ያህል መሆን አለበት፤ የጋዙን ፍጥነት እጥፍ እንዲሆን ከተፈለገ 7.4 እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ደግሞ 20 እጥፍ ያስፈልጋል። በመሆኑም የጋዙ ፍጥነት አነስተኛ ከሆነ የፈለገውን ያህል ባሩድ ቢጨምሩበት ሮኬቱ ነዳጁን ሲሸከም ይኖራል እንጂ ከፍ አይልም። ርችት ለምን ርችት ሆኖ እንደ ቀረ ያስረዳው ጎዳርድ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ አየር በሌለበት ስፍራ ሮኬት ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የተደረገ ነበር። አየሩ በተመጠጠ የብረት ቱቦ ውስጥ ሮኬቱን ተኩሶ ግፊቱን ሲለካ፣ ግፊቱ መቀነሱ ቀርቶ በጥቂቱ ከፍ ብሎ አገኘው። ሮኬቱን የሚገፋው በጋዙና በራሱ መካከል ያለው ተጻራሪ ኃይል እንጂ ከበስተኋላው ያለው አየር አለመሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ኒውተን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የደነገገው ነገር ቢሆንም፣ መደንገጉና በቱቦ ውስጥ መታየቱ አንድ አይደለም።

የመምህር ደመወዝ ለዚህ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም። በ1916 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ሥራውን ዘርዝሮ ጽፎ፣ በ1917 መጀመሪያ 5,000 ዶላር ተፈቀደለት። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ለሠራዊቱ ከቱቦ የሚተኮስ ሮኬት ይሠራ ዘንድ ወደ ካሊፎርኒያ ተላከ። ረዳቱ በክላርክ የሚማረው ወጣት የፊዚክስ ሰው ክላረንስ ሂክማን ነበር። ሂክማን በዚህ ሥራ ላይ ሳለ በደረሰ ፍንዳታ ከጣቶቹ አያሌዎቹ ተጎድተው ከፊላቸው ተቆርጠዋል። በ1957 ስፑትኒክ ከመጠቀች በኋላ በብዙ አገር ያሉ ተማሪዎች በየቤታቸው ጓዳ ሮኬት ይሠሩ በጀመሩ ጊዜ እንዲህ ያለው አደጋ በየስፍራው ተደጋግሞ ስለ ታየ፣ ወጣቶች ባሩድ በእጃቸው ሳይነኩ የሚጠቀሙበት በፋብሪካ የተሰናዳ አነስተኛ ሞተርና ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የሚሠራው የሞዴል ሮኬት የተስፋፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ጎዳርድና ሂክማን በኖቬምበር 1918 መጀመሪያ በአበርዲን የጦር መሣሪያ መፈተኛ ሜዳ፣ የሙዚቃ ኖታ ማስቀመጫ እንደ መተኮሻ ተጠቅመው ሮኬቱን አሳዩ። መኮንኖቹም ወደዱት። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ጦርነቱ ስላበቃ ነገሩ ተረሳ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባዙካ የተባለው ፀረ ታንክ መሣሪያ ሲሠራ ግን ይኸው ሂክማን ከሠሪዎቹ አንዱ ነበር።

የስሚዝሶኒያን ተቋም የጎዳርድን የምርምር ዘገባ ያሳተመው በ1919 መጨረሻ ነው። ከ69 ገጽ የማይበልጥ፣ በስሌትና በመለኪያ ሰንጠረዥ የተሞላ ደረቅ ጽሑፍ ሲሆን፣ ወደ ላይኛው አየር የመለኪያ መሣሪያ ስለ ማውጣት ይናገራል። ወደ መጨረሻው ላይ ግን በቂ ኃይል ያለው ሮኬት ጨረቃ ላይ ደርሶ፣ በዚያ የሚያነደው ብልጭ የሚል ዱቄት ከምድር በመነጽር ሊታይ እንደሚችል ተሰልቷል። ጋዜጦቹ ከ69 ገጽ ይህችን ብቻ መርጠው አወጡ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1920 የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በአስተያየት ዓምዱ፣ ጠፈር ውስጥ የሚገፋ አየር ስለሌለ ሮኬት ሊሠራ እንደማይችል በማስረዳት፣ ፕሮፌሰሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዕለቱ የሚሰጠውን ዕውቀት እንኳ የጎደለው ሰው ነው ሲል ተሳለቀበት። በቱቦ ውስጥ የተደረገው ልኬት በዘገባው ውስጥ ታትሞ እያለ ማለት ነው። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው ጁላይ 17 ቀን 1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተነሣች ማግሥት ነበር። ጎዳርድ በዚያን ጊዜ ከሞተ 24 ዓመት ሆኖት ነበር።

ሳቁ በሰውየው ላይ የተወው ምልክት ቀላል አይደለም። ቀድሞም ዝምተኛ የነበረው ሰው ከዚህ በኋላ ሥራውን ከሰው ዓይን ይሰውር ጀመር። ያገኘውን ሁሉ በደብተር ይመዘግባል፣ የፈጠራ መብት ያወጣበታል፣ አያሳትመውም።

ባሩድ ጉልበቱ ውሱን መሆኑን በመረዳት ከ1921 ጀምሮ ወደ ቤንዚንና ወደ ፈሳሽ ኦክሲጅን ተሻገረ። ፈሳሽ ኦክሲጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ላይ የሚፈላ፣ የነካውን ቧንቧ ሁሉ የሚያኮማትር፣ ከቅባት ጋር ከተገናኘ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ ከእርሱ አንድ ክንድ ርቆ ደግሞ ብረት የሚያቀልጥ ነበልባል ይነድዳል። ለዚህ የሚሆን ቫልቭም ሆነ ፓምፕ በገበያ ስላልነበረ እያንዳንዱን ክፍል በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ውስጥ ከመካኒኩ ከሄንሪ ሳክስ ጋር ሠራ። በዲሴምበር 1925 በመለኪያ ላይ የታሰረው ሞተር የራሱን ክብደት ለማንሣት ቻለ።

ማርች 16 ቀን 1926፣ በረዶ ገና ከመሬት ባልጠፋበት ቀን፣ ኦበርን በተባለች መንደር፣ አክስት ኤፊ እያለ በሚጠራት የሩቅ ዘመዱ እርሻ ላይ ሮኬቱ ቆመ። በስፍራው የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጎዳርድ፣ ባለቤቱ ኤስተር፣ ሳክስና በክላርክ ፊዚክስ የሚያስተምረው ፐርሲ ሩፕ። ሦስት ሜትር ያህል ቁመት ያለው ይህ ነገር ዛሬ ሮኬት ከምንለው ጋር አይመሳሰልም ነበር፤ ቀጫጭን ቧንቧዎች የተጋጠሙበት መሰላል መሰል ሲሆን፣ ሞተሩ ከላይ፣ ነዳጅና ኦክሲጅን የያዙት ገንዳዎች ከታች ነበሩ። ጎዳርድ ይህን ያደረገው ከፊት የሚጎተት ነገር ከኋላ ከሚገፋው ይልቅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ በማሰቡ ነው። ሐሳቡ ትክክል አልነበረም፤ ግፊቱ ከሮኬቱ አካል ጋር አብሮ ስለሚያዘነብል ሞተሩ ከላይም ሆነ ከታች ቢሆን ማዘንበሉን አያርመውም። የሞዴል ሮኬት የሚሠሩ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ይህንኑ ይስታሉ። እርሱ ብዙም ሳይቆይ ሞተሩን ወደ ግርጌ አወረደው።

ሳክስ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ባሰረው እሳት ማቀጣጠያውን ለኮሰ። ሞተሩ ለብዙ ሰከንድ እያገሳ ሮኬቱ ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ ነዳጁ እየተቃጠለ ክብደቱ ከግፊቱ በታች እስኪወርድ ድረስ ይጠበቅ ነበርና። ከዚያም ተነሣ፤ 12 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ወደ ጎን ታጥፎ፣ 56 ሜትር ርቆ ጎመን ተተክሎበት በነበረ ማሳ ላይ ወደቀ። ሁሉም የሆነው በ2 ሰከንድ ተኩል ውስጥ ነው። ኤስተር የያዘችው የፊልም ማንሻ አንድ ጊዜ ሲጠመዘዝ ለሰባት ሰከንድ ብቻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ሮኬቱ ሲነሣ መሣሪያው ቆሞ ነበር። ስለዚህ የዚያ በረራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የለም፤ ያለው ከመነሣቱ በፊት ጎዳርድ ከሮኬቱ አጠገብ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍና በማግሥቱ የጻፈው የማስታወሻ ደብተር ገጽ ነው። ለሕዝብ አንዳች ነገር አልተነገረም።

በጁላይ 1929 ባሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና ፎቶግራፍ ማንሻ ጭኖ ያስነሣው ሮኬት ድምፁ እጅግ ስለ በረታ፣ አውሮፕላን የወደቀ የመሰላቸው ሰዎች ፖሊስና አምቡላንስ ጠሩ። የግዛቱ የእሳት አደጋ ባለሥልጣን ሙከራውን ሲከለክል፣ ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ይኸው ወሬ ግን አትላንቲክን ብቻውን ተሻግሮ ዝነኛ የሆነውን አውሮፕላን አብራሪ ሊንድበርግን ወደ ዎስተር አመጣው። በሊንድበርግ አማላጅነት ባለጸጋው ዳንኤል ጉገንሃይም ለአራት ዓመት 100,000 ዶላር ለመስጠት ፈቀደ። ጎዳርድም በ1930 ሰው ወደማይበዛበት፣ ሰማዩ ጥርት ወዳለው ወደ ኒው ሜክሲኮ፣ ወደ ሮዝዌል ተዛወረ። ከሁለት ዓመት መቋረጥ በቀር በዚያ እስከ 1942 ሠርቷል። በጋይሮስኮፕ የሚመሩ ቅጠሎችን በጋዙ ፍሰት ውስጥ አስገብቶ ሮኬቱን ቀጥ አደረገ፤ የሞተሩን ግድግዳ ራሱ ነዳጁ እንዲያቀዘቅዘው አደረገ፤ ፈጣንና ቀላል ፓምፖች ሠራ። ትልቁ ከፍታው በ1937 የተመዘገበው 2,700 ሜትር ያህል ነው። ረዳቶቹ አምስት ስድስት ሰው አይሞሉም ነበር።

በኦገስት 1936 አንድ የ23 ዓመት ተማሪ ሮዝዌል ደረሰ። ፍራንክ ማሊና ይባላል፤ በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክተርነት የሚያጠናው ነገር ሮኬት ነበር። በሮኬት ሥራው ከእርሱ ጋር የተባበሩት ጃክ ፓርሰንስና ኤድዋርድ ፎርማን የተባሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጓሮ ባሩድ ሲለኩሱ ያደጉ፣ ዲግሪ የሌላቸው ሁለት ጓደኞች ነበሩ። ማሊና የመጣው የጎዳርድን ምክርና ትብብር ለመጠየቅ ነው። ጎዳርድ በአክብሮት ተቀበለው፣ ግቢውንም አሳየው፣ ትምህርቱን ሲጨርስ መጥቶ አብሮት እንዲሠራም ሐሳብ አቀረበለት፤ የሞተሩን አሠራርና የመለኪያ ውጤቶቹን ግን አላካፈለውም። ማሊና ወደ ጓደኞቹ ተመልሶ፣ ወጣቶቹ ጎዳርድ ከአሥር ዓመት በፊት ያለፈበትን መንገድ ከመጀመሪያው ጀመሩት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 31 ቀን በአሮዮ ሴኮ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ባደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ የኦክሲጅኑ ቧንቧ ተነቅሎ እየነደደ መሬት ላይ ሲገረፍ እነርሱ ሸሹ። ይህ የተማሪዎች ቡድን ቆይቶ የጄት ፕሮፐልሽን ቤተ ሙከራ የተባለውን ታላቅ ተቋም የወለደ ነው።

በ1907 መምህራኑ በጢሱ ያልተቆጡት ተማሪ፣ በ1936 ለሌላ ተማሪ በሩን ግማሽ ብቻ ከፈተ። እርግጥ ነው፣ የተሳለቁበት ሰው ጠንቃቃ ቢሆን አያስገርምም፤ የድጋፉም ገንዘብ ውጤት የሚጠብቅ ነበር። ቢሆንም ጎዳርድ ለሁሉም ነገር ብቻውን ለመድረስ መሞከሩ የራሱንም ሥራ አዘግይቶታል ብሎ መፍረድ ይቻላል። በጀርመን አገር በፔነሙንደ መሐንዲሶች በሺሕ ተሰልፈው ሲሠሩ፣ እርሱ በሮዝዌል ሜዳ ላይ ቫልቭ በእጁ ይሞርድ ነበር።

በ1940 ሥራውን ለአሜሪካን ጦር ኃይሎች ባቀረበ ጊዜ በረጅም ርቀት ሮኬት ላይ ፍላጎት አላሳዩም፤ የፈለጉት ከባድ አውሮፕላኖች በአጭር ሜዳ እንዲነሡ የሚረዳ ሞተር ነበር። እርሱም ይህን ሲሠራ በአናፖሊስ የባሕር ኃይል ጣቢያ የመጨረሻ ዓመታቱን አሳለፈ። በ1945 የተማረከ የጀርመን ቪ-2 ሮኬት ክፍሎች በፊቱ ሲቀርቡ፣ ፓምፑንና መሪ ቅጠሎቹን እንደ ራሱ ሥራ ዐወቃቸው፤ ጀርመኖቹ ከእርሱ ወስደውት ይሁን ወይም አንድ ችግር አንድ መፍትሔ ወልዶ፣ ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ኦገስት 10 ቀን 1945 በባልቲሞር ከተማ በጉሮሮ ካንሰር ሞተ።

ኤስተር ደብተሮቹን ሰብስባ፣ የእጅ ጽሑፉን በመኪና ገልብጣ፣ ሥዕሎቹን አደራጅታ፣ ባሏ ሳያመለክትባቸው የቀሩትን የፈጠራ ሐሳቦች አንድ በአንድ ለመንግሥት አቀረበች። በስሙ ከተመዘገቡት 214 የፈጠራ መብቶች 131 የተገኙት ከሞተ በኋላ በእርሷ ድካም ነው። በ1960 የአሜሪካን መንግሥት ያለ ፈቃድ ስለ ተጠቀመባቸው መብቶች ለእርሷና ለጉገንሃይም ድርጅት 1,000,000 ዶላር ከፈለ። ገንዘቡ ጎዳርድ በሕይወቱ ሙሉ ለምርምሩ ካገኘው ድጋፍ ሁሉ ይበልጥ ነበር።